የጓሮ አትክልትና ዶሮ ከዝናቡ በፊት

ከሀገራችን ደጋማ ክፍል ለመጣ ሰው ክረምት ማለት ሰኔ ነው። በጁባ አካባቢ ግን ዝናቡ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሚጀምር፣ በጎሮም መጠለያ ጣቢያ የምትኖሩ ወገኖች ዝግጅቱን በጥር መጀመር ይኖርባችኋል።

በደረቁ ወራት ዶሮዎቻችሁን ከጓሮ አታባርሯቸው። መሬቱን እየጫሩ ምስጡን፣ የፌንጣውን እንቁላልና የአረሙን ዘር ይለቅሙላችኋል። ባሚያና ኩድራ ከተዘራ በኋላ ግን ያው መጫር ቡቃያውን ስለሚነቅል ጓሮው አስቀድሞ በእሾህ ይታጠር። አጥሩ ከሥሩ ካልጠበቀ ጫጩት ይሾልካል። የጎረቤት ዶሮ ባሚያዬን ጨረሰው ተብሎ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ይህን ማድረጉ ይሻላል።

የዶሮ ኩስ ጥሩ ማዳበሪያ ቢሆንም ኃይለኛ ነው። ትኩሱ የችግኝ ሥር ያቃጥላል፤ ጎመን ላይ ከተበተነም የሆድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከደረቅ ሣርና ቅጠል ጋር ከምራችሁ ውኃ አርከፍክፉበት፤ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጣችሁ ሁለት ሦስት ወር አቆዩት። ሽታው ጠፍቶ አፈር ሲመስል ደርሷል ማለት ነው። አመድ አትጨምሩበት፤ ለተክሉ የሚጠቅመው ነገር ሽታ ሆኖ ይተናል። አመዱን ዶሮዎቹ ይንከባለሉበት፤ ቅማል ይቀንስላቸዋል።

በፈንግል የሞተ ዶሮ ወደ ክምሩ አይጣል፤ ርቆ በጥልቅ ይቀበር። ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን ስላለው ዶሮዎቹ ጤነኛ ሳሉ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ አነጋግሩ።