መላኩ በያን፦ ለኢትዮጵያ በጋዜጣ የታገሉት የወሎ ተወላጅ ሐኪም

ደሴ፦ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን በከተማዋ ካደረጉ ገና ሳምንት አልሞላም ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ ከጥቃቱ አልተረፈም። ይህን የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከአባቶቹ ሲሰማ ኖሯል። የወሎ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሐኪም የዚያን ጦርነት ትግል በባዕድ አገር፣ በጋዜጣ መቀጠላቸውን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም።

መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወልደው ያደጉት በሐረር ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከላኳቸው ቀደምት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። በኦሃዮ ግዛት መስኪንገም ኮሌጅን ከጨረሱ በኋላ ሕክምናን የተማሩት በዋሽንግተን ከተማ፣ የጥቁሮች በሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው ዘመን ዶርቲ ሃድሊ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ።

ጋብቻው የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁሮች አይቈጥሩም የሚል ወሬ በአሜሪካ በሰፊው ይነገር ነበር፤ ለኢትዮጵያ ሊዘረጋ የሚችለውንም እጅ ያጥፍ ነበር። ለዚህ ወሬ ከመላኩ ትዳር የበለጠ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩትን ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰንን ወደ አገራችን እንዲመጡ ያግባቡትም እርሳቸው ናቸው።

ዶክተር መላኩ በጦርነቱ ዋዜማ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሙያቸው አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ደግሞ በ1929 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ እንዲያስተባብሩ ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ።

ኒው ዮርክ የስደተኛ ጋዜጦች ከተማ ነበረች። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ በይዲሽ ቋንቋ ያሳትሙ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ወደ ጥንት አገራቸው ስለ መመለስ የሚሟገቱ ነበሩ። ዶክተር መላኩም በዚያው ዓመት «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ መሠረቱ። ጋዜጣው የጦርነቱን ዜና ያቀርብ፣ ለኢትዮጵያ እርዳታ ይጠይቅ ነበር። ከዚህም አልፎ «ኒግሮ» የሚለው መጠሪያ ቀርቶ «ጥቁር» እንዲባል፣ በየትም ያለ ጥቁር ሕዝብ አንድ መሆኑን እንዲያውቅ ይሟገት ነበር። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲቋቋም የጋዜጣው አንባቢዎች ድጋፋቸውን የሚያሰባስቡበት ማኅበር አገኙ።

ሥራው ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በሳንባ ምች በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ከዚህ ቀን አንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

ፌዴሬሽኑ ከመሥራቹ በኋላም ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ በክፉ ቀን ላልተለዩአቸው ጥቁሮች በሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት የሰጡት በዚሁ ማኅበር በኩል ነው። ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰፋሪዎች በዚያ ጎጆ ቀለሱ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ይዞታቸው በእጅጉ ጠበበ፤ ማኅበረሰቡ ግን እስከ ዛሬ በሻሸመኔ ይኖራል።