ጋብ አለ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ዝናብ ሲቀንስ «ጋብ አለ» እንላለን። ጨርሶ ሲቆም ግን «አባራ» እንላለን። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዝናቡ ጋብ ሲል የተነሣ መንገደኛ መንገድ ላይ ሊመታ ይችላል።

ቋንቋችን ለየነገሩ የተለየ ቃል አለው። ቁጣ ይበርዳል፤ የተወጠረ ገመድ ይላላል፤ ሸክም ይቀላል፤ ሕመም ይታገሳል።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። እኛ ተማሪዎች በትምህርት ቤት «አሊቪዬት» የሚል ግሥ ተምረናል። ሕመምን ማስታገስ ማለት ነው። ቃሉ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ቀላል» ማለት ነው። እኛም «ሕመሙ ቀለለኝ» እንል የለም? እነሱም እንደኛው ሕመምን በሸክም መስለውታል። ሸክሙ ቀለለ ማለት ግን ከጫንቃ ወረደ ማለት አይደለም።

የወባ ትኩሳትም ይበርዳል፤ ተመልሶም ይነሣል። «በረደልኝ» ብለን መድኃኒቱን ብናቋርጥ በደማችን ውስጥ የቀረው የወባ ተውሳክ እንደገና ይራባል።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስንጠየቅ «ደህና ነኝ» ብለን አንለፈው። «ጋብ አለልኝ እንጂ አልለቀቀኝም» ብለን በትክክል እንናገር። መድኃኒቱንም እንደታዘዘልን እንጨርስ።