የአምፕሊፋየር መሞከሪያ ሰሌዳ፦ ኃይል ከመለቀቁ በፊት መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

አምፕሊፋየር ከስልክ፣ ከሬዲዮ ወይም ከማይክሮፎን የሚመጣን ደካማ ሲግናል ስፒከር ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ የሚያጎላ መሣሪያ ነው። የአምፕሊፋየር ቺፕ የሚያመርቱ ኩባንያዎች፣ ባለሙያዎች ቺፑን ለሥራቸው ከመምረጣቸው በፊት እንዲፈትሹት የመሞከሪያ ሰሌዳ ያቀርባሉ። ሰሌዳው ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ቢመስልም መከላከያ ሳጥን የለውም። ያለቦታው የገባ አንድ ገመድ ሰሌዳውን፣ ስፒከሩን ወይም የመለኪያ መሣሪያውን በቅጽበት ሊያበላሽ ይችላል። ሰሌዳውን ከውጭ አስመጥቶ ለሚማርበት ሰው ደግሞ የተቃጠለውን መተካት ቀላል አይደለም። በመኾኑም የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ራሱ የሙከራው አካል ነው።

ለአብነት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ምርት የኾነውን ቲፒኤ3116ዲ2 የተሰኘ ቺፕ የያዘ ሰሌዳ እንመልከት። ቺፑ ከ4 ነጥብ 5 እስከ 26 ቮልት በሚደርስ የዲሲ ኃይል ይሠራል። በ21 ቮልት ሲሠራ ለባለ 4 ኦም ስፒከር በእያንዳንዱ ቻናል እስከ 50 ዋት መስጠት ይችላል።

በስፒከር ፋንታ ሬዚስተር

የመጀመሪያው ሙከራ በስፒከር መደረግ የለበትም። አምፕሊፋየሩ ጉድለት ካለበት በውጤቱ ላይ የሚወጣው የዲሲ ቮልቴጅ የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ሊያቃጥል ይችላል። ድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅም ጆሮን ይጎዳል። በምትኩ ከሚጠበቀው ኃይል እጥፍ የሚችል ባለ 4 ኦም ሬዚስተር ይገናኛል። ሬዚስተሩ በሥራ ላይ ስለሚግል ከሽቦዎችና ከእጅ መራቅ አለበት።

የኃይል ምንጩን መገደብ

ፓወር ሰፕላዩ የከረንት ገደብ ያለው ሊኾን ይገባል። ለመነሻ 12 ቮልትና ግማሽ አምፔር ገደብ በቂ ነው። ስህተት ቢኖር ገደቡ ከረንቱን ይይዘዋል፤ ጉዳቱም ይቀንሳል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ገመዶች አለመቀያየራቸውን ከማብራት በፊት በመልቲሜትር ማረጋገጥ ግድ ነው።

ሁለቱም የውጤት ጫፎች ሕያው ናቸው

ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። በበርካታ አምፕሊፋየሮች አንደኛው የስፒከር ጫፍ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሰሌዳ ግን ሁለቱም ጫፎች ሲግናል ይይዛሉ፤ በተለመደው አሠራርም ሲግናል በሌለበት ጊዜ እያንዳንዳቸው የኃይል ምንጩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ይሸከማሉ። የኦሲሎስኮፕ የግራውንድ መቆንጠጫ በግድግዳው ሶኬት በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ ስለኾነ፣ ከአንደኛው የውጤት ጫፍ ጋር ቢያያዝ ሾርት ሊፈጠር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን የኦሲሎስኮፕ መመርመሪያዎች በሁለቱ ጫፎች ላይ፣ መቆንጠጫዎቻቸውን ደግሞ በሰሌዳው ግራውንድ ላይ አድርጎ የሁለቱን ልዩነት ማንበብ ነው።

የማብራትና የመለካት ቅደም ተከተል

ሰሌዳውን በማሳረፊያ ማብሪያው አሳርፎ፣ የሲግናል ማመንጫውን ወደ ዜሮ ዝቅ አድርጎ ኃይል መልቀቅ ይገባል። ቀጥሎ ሰሌዳው ወደ ሥራ ይገባል። በሁለቱ የውጤት ጫፎች መካከል ያለው የዲሲ ቮልቴጅ ለዜሮ የቀረበ መኾን አለበት። ከዚያ የራቀ ንባብ ከታየ ኃይሉን አጥፍቶ ግንኙነቶችን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

ንባቡ ትክክል ከኾነ የ1 ሺህ ኸርዝ ሲግናል ቀስ በቀስ ይጨመራል። የማጉላት መጠኑ 20 ዴሲቤል ላይ ከተስተካከለ ሲግናሉ 10 እጥፍ ይጎላል። 0 ነጥብ 2 ቮልት ሲገባ 2 ቮልት ይወጣል፤ ይህም በ4 ኦም ላይ 1 ዋት ማለት ነው። ስሌቱና ንባቡ ከተስማሙ ዝግጅቱ ታማኝ ነው።

ቺፑ ድምፁን የሚያጎላው በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ በመብራትና በመጥፋት ነው። የዚህ ቅሪት ከውጤቱ ጋር ተቀላቅሎ ንባብን ሊያዛባ ስለሚችል፣ የድምፅ ጥራትን ለመለካት ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን የሚያስቀር ማጣሪያ ከመለኪያው በፊት ይገባል።

ሲጨረስ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ሲግናሉ ዝቅ ይላል፣ ሰሌዳው ያርፋል፣ በመጨረሻም ኃይሉ ይጠፋል። ስፒከር የሚገናኘው እነዚህ ሁሉ ከተረጋገጡ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ለዝግጅት የሚሰጡ ጥቂት ደቂቃዎች ለወራት የተጠበቀን ሰሌዳ ያተርፋሉ።