ትንሽ ቦነስ ሠራተኛን ያተጋል ወይ?

ኡሪ ግኒዚ እና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን 50 ጥያቄ አስመለሱ። ለመሳተፋቸው ሁሉም 60 ሼቄል ተከፈላቸው። ከዚያ በላይ ምንም ያልተጨመረላቸው በአማካይ 28 ያህል ሲመልሱ፣ ለአንድ ትክክለኛ መልስ 10 አጎሮት ቃል የተገባላቸው ግን 23 ብቻ መለሱ! አንድ ሼቄል የተባለላቸው ወደ 35 ደረሱ፤ ሦስት ሼቄልም ከዚያ የተሻለ አላመጣም።

እኔ እንደሚገባኝ፣ ዋጋ ሳይጠራ ሰው ለክብሩም ይሠራል። ሳንቲም ሲቆረጥለት ግን «ድካሜ ይህን ብቻ ነው እንዴ የሚያወጣው?» ይላል። ስለዚህ ኃላፊ የሆናችሁ፣ ቦነስ ከሰጣችሁ የሚረባ ስጡ፤ ካልሆነ በደንብ ማመስገኑ ይሻላል።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን ሌላ ነገር ነው። በእስራኤል ሕግ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት 125 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 150 በመቶ ይከፈላል። አሠሪው «ቦነስ» ቢለውም መብታችሁ ነው።