ከላንጋኖ መንገድ እስከ ችሎት፦ የአካል ጉዳት ካሳና የጤና ባለሙያው ማስረጃ

መግቢያ

የመንገድ ትራፊክ አደጋ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለሞት እንደሚዳርግና ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት በሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት እንደሆነ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሪፖርት ያመለክታል። ከሞት ተርፈው ጉዳት የሚደርስባቸው ደግሞ በየዓመቱ ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ይገመታል። ስለ እነዚህ ጉዳተኞች የአስቸኳይ ሕክምና ብዙ ተጽፏል። ጉዳተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የሚነሳው የካሳ ጥያቄ ግን የጠበቆችና የዳኞች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ይሁን እንጂ የካሳው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ክሱ ከመቅረቡ ከብዙ ወራት በፊት፣ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ በተጻፈው የመጀመሪያ ገጽ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕጉ የአካል ጉዳትን እንዴት እንደሚመለከት፣ የጤና ባለሙያው ማስረጃም በየት በኩል ወደ ፍርዱ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

መንገዱና የማስረጃው ጉዞ

ከሞጆ ተነስቶ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚዘልቀው መንገድ ለጉዳዩ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ መስመር ላይ የጭነት ተሽከርካሪዎች፣ አውቶቡሶች፣ ባጃጆች፣ የፈረስና የአህያ ጋሪዎች፣ እግረኞችና ከብቶች አብረው ይጓዛሉ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የላንጋኖ ሐይቅ በዕረፍት ቀናት ብዙ እንግዳ ስለሚስብ፣ በእነዚያ ቀናት የቤት መኪኖችም ይጨመሩበታል።

ላንጋኖ የሚገኘው በአስተዳደር ወሰኖች መገናኛ ላይ ነው። ስለሆነም በአካባቢው አደጋ የደረሰበት ሰው እንደ ቦታው ቅርበት ወደ ሰሜን ወደ ባቱ፣ ወይም ወደ ደቡብ ወደ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ሊወሰድ ይችላል። ጉዳቱ ከከበደ ወደ አዳማ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ በሪፈራል ይላካል። በመሆኑም አንድ ጉዳተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሦስት የጤና ተቋማትን ሊያልፍ፣ በሦስቱም ካርድ ሊያወጣ ይችላል። ከወራት በኋላ ጠበቃ ሲይዝ የመጀመሪያው የቁስል መግለጫ በአንዱ፣ የቀዶ ሕክምናው ዘገባ በሌላው፣ የክትትሉ ማስታወሻ በሦስተኛው ተቋም ተበታትኖ ይገኛል። ስሙ በአንዱ ካርድ ላይ በአንድ ፊደል ተለውጦ ከተጻፈ፣ ወይም የተሰበረው እግር በሪፈራል ወረቀቱ ላይ “ቀኝ” በራጁ ላይ ደግሞ “ግራ” ተብሎ ከተመዘገበ፣ የተከሳሽ ወገን ማስረጃውን የሚቃወምበት በር ይከፈታል።

ሕጉ ምን ይላል?

ከውል ውጪ የሚደርስ ጉዳት የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት መፈጸሙን ማስረዳት ለዚህ ኃላፊነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የተጎጂው ጥፋት ግን ካሳውን ሊቀንሰው ይችላል። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። የጉዳቱን መጠን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ ይወስናል።

ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሥቃይና ለኀዘን፣ በቁጥር 2116 የተጻፈው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ሕጉ በወጣበት ዘመን ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንድ ቤተሰብ ኀዘን የሚሰጠው ማጽናኛ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች ለጤና ባለሙያው የሚከተለው ሐሳብ ይወጣል። የባለቤቱ ኃላፊነት ያለ ጥፋትም የሚጸና በመሆኑ ክርክሩ በብዛት የሚያተኩረው “ማን አጠፋ?” በሚለው ላይ ሳይሆን “ጉዳቱ ምን ያህል ነው?” በሚለው ላይ ነው። የሕሊና ጉዳት ካሳው በ1,000 ብር የተገደበ በመሆኑ ደግሞ የጉዳተኛው ተስፋ በሙሉ በቁሳዊ ጉዳት ላይ፣ ይኸውም በሕክምና ወጪና በታጣ የወደፊት ገቢ ላይ ያርፋል። የወደፊት ገቢን የሚያስረዳው ዋናው ሰነድ የሐኪሙ ማስረጃ ነው።

ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጎን ለጎን የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 አለ። አዋጁ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ከማስገደዱም በላይ የጤና ተቋማት ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂዎች አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ግዴታ ይጥላል። አዋጁ ሲወጣ ለዚህ ሕክምና የተመደበው ወጪ ለአንድ ሰው እስከ 2,000 ብር ነበር፤ የገንዘቡ ልክ በየጊዜው የሚሻሻል ስለሆነ ተቋማት በሥራ ላይ ያለውን መጠን ተከታትለው ማወቅ ይኖርባቸዋል። ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪ መድን የሌለው ወይም አምልጦ ያልታወቀ ከሆነ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ለመድን ፈንዱ ማመልከት ይችላሉ። ይህን ሥራ በአሁኑ ጊዜ የሚያከናውነው የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ብዙ ጉዳተኞች “መኪናው ስላመለጠ ምንም ላገኝ አልችልም” ብለው ስለሚያምኑ፣ ይህን መብት በአልጋቸው አጠገብ መስማታቸው ከፍተኛ ጥቅም አለው።

የመቶኛው ክብደት

አደጋው በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጉዳተኛው ተቀጣሪ ሾፌር ወይም ረዳት ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አግባብነት ይኖረዋል። በአዋጁ መሠረት በጊዜያዊነት ከሥራ የተለየ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶውን ያገኛል። በጡረታ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ክፍያው በጉዳቱ መቶኛ ልክ ይሰላል።

ይህ ስሌት ለሐኪሙ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ይታይ። የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሾፌር የዓመት ደመወዙ 72,000 ብር፣ አምስት እጥፉ 360,000 ብር ነው። ጉዳቱ 20 በመቶ ከተባለ 72,000 ብር፣ 10 በመቶ ከተባለ ደግሞ 36,000 ብር ያገኛል። በሌላ አነጋገር ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን አንድ መቶኛ የ18 ቀን ያህል ደመወዝ፣ አሥር መቶኛ የስድስት ወር ደመወዝ ይመዝናል። ስለሆነም በችኮላ ወይም በግምት የተጻፈ መቶኛ ከአንድ ቤተሰብ የግማሽ ዓመት እንጀራ ሊነሳ፣ ወይም ከአሠሪው ያለ አግባብ ሊወስድ ይችላል።

በመጀመሪያው ሰዓት ምን ይጻፍ?

የሕክምና ማስረጃ ጥራት የሚለካው ጉዳተኛውን አይቶ የማያውቅ ሰው ከዓመት በኋላ ሲያነበው ጉዳቱን ለመረዳት በመቻሉ ነው። ከዚህ አንጻር የሚከተሉት ነጥቦች መሠረታዊ ናቸው።

ሀ) ማንነትና ጊዜ። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ አደጋው የደረሰበትና ጉዳተኛው የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ ማን እንዳመጣው። የኢትዮጵያና የአውሮፓ የቀን አቆጣጠር፣ የቀንና የሌሊት ሰዓትም እንዳይምታታ በግልጽ ይለይ።

ለ) የአደጋው ሁኔታ። ጉዳተኛው እግረኛ፣ ተሳፋሪ ወይስ አሽከርካሪ እንደነበረ “እንደ ታካሚው ገለጻ” ወይም “እንዳመጣው ሰው ገለጻ” በሚል ይመዝገብ። ጥፋተኛውን መለየት የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። “ሰክሮ ነበር” ብሎ ከመደምደም ይልቅ የታየውን፣ ለምሳሌ የአልኮል ሽታ መኖሩን፣ የንግግሩንና የአረማመዱን ሁኔታ መግለጽ ይገባል፤ አንዲት ያልተመዘነች ቃል የተጎጂውን ካሳ ልትቀንስ ትችላለችና።

ሐ) የጉዳቱ መግለጫ። የእያንዳንዱ ቁስል ዓይነት (መላላጥ፣ ሰንበር፣ መተርተር፣ በስለት መቆረጥ)፣ በሴንቲ ሜትር የተለካ መጠኑ፣ ጎኑና ከታወቀ የአካል ምልክት ያለው ርቀት ይጻፍ። “ከባድ” ወይም “ቀላል” የሚሉት ቃላት በሕግ የራሳቸው ትርጉም ስላላቸው መግለጫውን ሊተኩ አይችሉም።

መ) የንቃት ደረጃ። የጭንቅላት ጉዳት በተጠረጠረ ጊዜ የግላስጎ ኮማ መለኪያ ውጤት ከነሰዓቱ ይመዝገብ። ከወራት በኋላ የመርሳት ወይም የጠባይ ለውጥ ሲታይ ከአደጋው ጋር የሚያያይዘው ይህ ቁጥር ነው።

ሠ) ያልተገኘውም ይጻፍ። “የሆድ ሕመም የለም”፣ “እጅና እግር ይንቀሳቀሳል” የሚሉ ማስታወሻዎች በኋላ የተከሰተን ለውጥ ለማሳየት ይረዳሉ። ከአደጋው በፊት የነበረ ሕመም ወይም ጉዳትም ሳይደበቅ ይመዝገብ።

ረ) እርማት። የተሳሳተ ቃል በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል። የተፋቀ ወይም በቀለም የተሸፈነ ገጽ እውነትን ቢይዝም እንኳ ይጠረጠራል።

ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ካርዱ በሚገባ ከተጻፈ ማስረጃውን በኋላ ማዘጋጀት ይቻላል።

ዘላቂ ጉዳትን መገመትና የሁለት ዓመቱ ገደብ

የዘላቂ ጉዳት መቶኛ መወሰን ያለበት ሕክምናው ከተጠናቀቀና የአካሉ ሁኔታ ከተረጋጋ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሕክምና ቦርድ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወራት ውስጥ መጠኑን እንዲወስን ይጠይቃል። ቦርዱ የአካሉን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሥራ ችሎታውንም በቃላት ቢገልጽ ለዳኛው ይረዳል። የቁርጭምጭሚት መድረቅ ለጽሕፈት ሠራተኛና ፍሬን ለሚረግጥ ሾፌር አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ ሕክምናና ሕግ በተለያየ ሰዓት የሚቆጥሩ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ የሚሰጠው ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ ሆኖም ጉዳተኛው በዚህ ተማምኖ መቆየት አይኖርበትም። ክፍት የቅልጥም ስብራት ኢንፌክሽን ፈጥሮ፣ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ጠይቆ፣ ፊዚዮቴራፒም ተጨምሮበት 18 ወራትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ጉዳተኛው “ድኜ ልጨርስና እከሳለሁ” ብሎ ሲጠብቅ መብቱ በይርጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው ባያልቅም “ጊዜያዊ” ተብሎ የተገለጸ፣ እስከዚያ ቀን ያለውን ጉዳትና የሚጠበቀውን ሕክምና የያዘ ማስረጃ መስጠት ይቻላል። ጉዳተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ “የካሳ ጥያቄ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሕግ አዋቂ አማክር” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገረው የሕክምናው አካል ልትሆን ትገባለች።

ከጠበቃውና ከፍርድ ቤቱ ጋር

የጥብቅና ሥራ በአገራችን ለረጅም ጊዜ በግለሰብ ጠበቆች ሲከናወን ቆይቷል። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል። በመሆኑም የተደራጀ የማስረጃ ጥያቄ ወደ ጤና ተቋማት በብዛት ሊመጣ እንደሚችል መገመት ይቻላል። ተቋሙ ማስረጃ የሚሰጠው በታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ሥልጣን ባለው አካል ትእዛዝ ሊሆን ይገባል። ሐኪሙ የጠበቃው ወይም የመድን ድርጅቱ ወገን አይደለም፤ በርኅራኄም ቢሆን የተጋነነ ማስረጃ መስጠት ሙያውን የሚያጎድፍ፣ በወንጀልም የሚያስጠይቅ ተግባር ነው።

በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሕክምና ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የሙያ ቃላት በትርጉም እንዳይዛቡ ሐኪሙ ማስረጃውን በቀላልና ባልተጣመመ ቋንቋ ቢያዘጋጅ፣ ለምስክርነት ሲጠራም ካርዱን አስቀድሞ አንብቦ ቢቀርብ ዳኛውም ጉዳተኛውም ይጠቀማሉ።

ማጠቃለያ

የካሳ ፍርድ ሲገኝ የቤተሰቡ ምስጋና ለጠበቃው ይደርሳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጠበቃው በችሎት የሚያነበው ገጽ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌ ወይም በሻሸመኔ ተረኛ የነበረ ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም ሐኪም በሌሊት የጻፈው ነው። ያ ገጽ ቀን፣ ጎን፣ ልክና ፊርማ ከጎደለው የተሻለ ጠበቃ ቢቆምለትም ጉድለቱን መሙላት ያስቸግራል። ሕይወት ያተረፈ ሕክምና የጉዳተኛውን መተዳደሪያ ለማትረፍም እንዲያግዝ በሚገባ ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል።