ዜና አማና ነው



የዛሬው ርዕሳችን ጋዜጠኝነትና እውነት ነው። አገር በፖለቲካ ጎራ በተከፈለበት ዘመን የጋዜጠኛ ግዴታ ምንድን ነው? እኛ ሰሚዎቹስ ምን ይጠበቅብናል? ጉዳዩ የጋዜጠኞች ብቻ ነው ብለን እንዳናልፈው በቅርብ የምናውቀውን እናስታውስ።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ረመዷን ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ፋሲካን ካከበሩ ገና ሁለት ቀናቸው ነው። በጎንደር ከተማ፣ በታዋቂው ዓሊም በሼህ ከማል ለጋስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ጥቃት ተፈጸመ። ጀናዛ ሊሸኙ የወጡ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ ንብረት ተዘረፈ። እሳቱ ግን ጎንደር ላይ አልቆመም። በዚያው ሳምንት በስልጤ ዞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ማንን በደለ? ማንንም አልበደለም። ወሬው ግን ደጃፉ ድረስ መጣበት፤ በሥራው ሳይሆን በስሙ ተፈረደበት።

ቁጥርና ቃል

በዚያ ሰሞን የሟቾች ቁጥር ከአፍ አፍ ይለያይ ነበር። የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት በጎንደር ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽነር ደግሞ ሚያዝያ 29 ቀን ባወጡት መግለጫ ቢያንስ 30 ሰዎች እንደተገደሉና ከ100 በላይ እንደቆሰሉ ጠቀሱ። ይህን የሰማ ሰው “አንዱ ዋሽቷል” ሊል ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ስለ አንድ ከተማ፣ ሁለተኛው ጎንደርንና ሁከቱ የተዛመተባቸውን ሌሎች ቦታዎች ጨምሮ የተነገረ ነው። ስለዚህ ታማኝ ጋዜጠኛ ቁጥር ብቻ አያነብም፤ ማን ቆጠረው፣ የት ቆጠረው፣ እስከ መቼ ቆጠረው የሚለውን አብሮ ይናገራል።

ቃልም እንደ ቁጥር ነው። አንዱ “ግጭት” ሲል ሌላው “ጥቃት” ይላል። “ግጭት” ሁለቱም ወገኖች እኩል እንደተማቱ ያስመስላል፤ “ጥቃት” አጥቂና ተጠቂ መኖሩን ይናገራል። ጋዜጠኛ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው የራሱን ወገን አይቶ መሆን የለበትም፤ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ አጣርቶ ነው። “ሁለቱንም ወገን አነጋግሬያለሁ” ማለት ብቻውን አያድነውም። አንዱ ዝናብ ነው፣ ሌላው ፀሐይ ነው ቢሉት ሁለቱንም ጽፎ ከመቀመጥ፣ ወጥቶ ሰማዩን ማየት ይኖርበታል።

የማጣራት ግዴታ

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አመፀኛ ሰው ወሬ ሲያመጣ እንድናረጋግጥ ታዘናል፤ ምክንያቱም ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ትእዛዝ ወደ ሙያ ለውጠውታል። ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ? በእርግጥ ተገናኝተዋል? በእውነተኝነቱና በማስታወስ ችሎታው ይታመናልን? እያሉ አንድን ዘገባ ከሰንሰለቱ ጋር ይመረምሩ ነበር። የዛሬ ጥሩ ጋዜጠኛ በስልክ የደረሰውን ቪዲዮ “የት ተቀረጸ? መቼ? ማን ላከው?” ብሎ ሲጠይቅ በዚያው መንገድ እየሄደ ነው።

በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተነዛውን የሐሰት ወሬም አንርሳ። ወሬውን ያቀጣጠሉት ሙናፊቆች ነበሩ፤ ነገር ግን ከመልካም ሰዎችም በምላሳቸው የተቀበሉት ነበሩ። ሐሰት የሚስፋፋው በክፉዎች ብቻ አይደለም፤ ሳያጣሩ በሚያቀብሉ ደጋጎችም ነው።

የውሸት ዋጋ

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጦርነቱ ወቅት ፎቶግራፋቸውና የሐሰት ክስ በፌስቡክ ተሰራጨባቸው። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በኬንያ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። በሩዋንዳም ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ በ1994 እ.ኤ.አ. ጎረቤትን በጎረቤት ላይ አነሳስቷል። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ካላቸው የሬዲዮው መሥራቾች አንዱ የታሪክ ፕሮፌሰር ነበር። መማር ብቻውን ከዚህ ጥፋት አያድንም ማለት ነው።

ሁለት ፈተናዎች

የመጀመሪያው ፈተና ፍርሃት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይደነግጋል፤ ሆኖም ጋዜጠኛ መታሰሩ አልቀረም። “የሙስሊሞች ጉዳይ” መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ታስሮ በ2007 ዓ.ም. በሽብር ክስ ተፈርዶበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ዓላማው ጥፋትን መከላከል ቢሆንም፣ ሕግ ውሸታምን መቅጣት እንጂ እውነትን በእርሱ ፈንታ ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛው ፈተና የወገን ፍቅር ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ባለሥልጣንን መጋፈጥ ጭብጨባ ሊያስገኝ ይችላል፤ የራስን ወገን ጥፋት መናገር ግን ከጎረቤት ያጣላል። ሱረቱን ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በትክክል እንድንመሰክር ያዘናል። ስለዚህ የጎንደሩን ግፍ በግልጽ የሚናገር ሙስሊም ጋዜጠኛ የወራቤውንም ቃጠሎ በዚያው ግልጽነት መናገር አለበት። ያን ጊዜ ስለራሱ ወገን የሚሰጠው ምስክርነት ተሰሚነት ያገኛል።

በየቤታችን

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በትክል ድንጋይ ያለ ቤተሰብ ጎንደር ላይ የሆነውን መኪና ሳይደርስ በስልክ ይሰማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ብዙ ሰው የቀረው ሬዲዮና የመንገደኛ አፍ ነበር። ዜና ሲጠፋ ወሬ ቦታውን ይይዛል። እንግዲህ አባትና እናት ለልጆቻቸው ሦስት ነገር ያስለምዱ፦ ምንጩ ያልታወቀን ነገር አለማስተላለፍ፤ ቁጣ የሚያነሳ ወሬ ሲመጣ ቆም ብሎ ሌላ ቦታ ማጣራት፤ ስሕተት መሆኑ ሲታወቅ ወሬውን ለሰማው ሁሉ እርማቱንም ማድረስ። እርማቱ ያልደረሰው አንድ ሰው ቢኖር፣ በሐሰቱ ተነሥቶ ድንጋይ የሚያነሳው እርሱ ሊሆን ይችላልና።

አላህ ምላሳችንንና ብዕራችንን ከሐሰት ይጠብቅልን።