በባዕድ ከተማ የመጀመሪያውን ቤት እንዴት እንፈልግ?

ፃግብጂ ውስጥ የመሸበት መንገደኛ ብዙ አይጨነቅም። ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይሉታል። ከዚያ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። ሁለት ሦስት ስም ሲጠራ ከቤቱ ሰው የሚያውቀው አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። ጀርመን አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋችኋል፤ ቪዛው ወጥቷል፤ ትምህርት ሊጀመር አምስት ሳምንት ቀርቷል። ማደሪያ ግን የላችሁም። የማን ልጅ እንደሆናችሁ የሚጠይቅ የለም፤ ብትናገሩም የሚያውቅ የለም። ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ ማለት ይኸው ነው። እኔ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን ወደ ስሌት ሳልለውጠው አልቀረሁም። ስሌቱን ላካፍላችሁ።

እንግዳ ለምን ብዙ ይከፍላል?

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጥናት አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ሁሉ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ይህ የመረጃ አለመመጣጠን ገበያውን በሙሉ ያበላሸዋል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚሁ ዘርፍ በሠራው ሥራ ነው።

ቤትም እኮ እንደዚያው ነው። አከራዩ ግድግዳው በብርድ ወቅት እንደሚረጥብ፣ ጎረቤቱ ሌሊት እንደሚጮኽ ያውቃል። እናንተ እጅ ያለው አራት ፎቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ርካሽ ቤት ማግኘት አይደለም፤ ይህን የመረጃ ክፍተት ማጥበብ ነው። ጊዜያዊ ቤት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በሩቁ ሆኖ ለሁለት ዓመት ከመፈረም፣ ለሁለት ሦስት ወር ገብቶ ከተማውን በእግር ማወቅ ይሻላል።

በሒሳብ «መቼ ልቁም?» የሚባል የታወቀ ጥያቄ አለ። ቤቶች አንድ በአንድ ይቀርቡላችኋል፤ ያለፋችሁት ቤት ደግሞ ለሌላ ሰው ይሄዳል እንበል። የሚመከረው ዘዴ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 37 በመቶ እዩ እንጂ አትያዙ፤ ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሁሉ የሚበልጥ ስታገኙ ሳታመነቱ ያዙ። 30 ቤት የምታዩ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 11 ዓይን ማሠልጠኛ ናቸው። በዚህ ዘዴ ምርጡን ቤት የማግኘት ዕድላችሁም 37 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ቢመስልም፣ በእነዚህ ደንቦች ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም። ችግሩ፣ ዓይን እስኪሠለጥን ድረስ የሚታደርበት ያስፈልጋል።

ርካሹ ቤት የትኛው ነው?

የጀርመን ማስታወቂያ ላይ ሁለት ዓይነት ዋጋ ታያላችሁ፤ «ቀዝቃዛ ኪራይ» እና «ሙቅ ኪራይ»። ቀዝቃዛው የክፍሉ ብቻ ነው። ሙቁ ማሞቂያና ውሃን የመሳሰሉ ወጪዎችን ይጨምራል። ዓይን የሚስበው ትንሹ ቁጥር ነው፤ የምትከፍሉት ግን ትልቁን ነው።

ለስሌቱ ያህል ሁለት ቤት እናንሣ፤ ቁጥሮቹ የራሴ ምሳሌዎች ናቸው።

ቤት ሀ፦ ባዶ ክፍል። ቀዝቃዛ ኪራይ 320 ዩሮ፣ ሌላው ወጪ 100፣ በድምሩ በወር 420። ለፍራሽ፣ ለጠረጴዛና ለማብሰያ ዕቃ አንድ ጊዜ 360።

ቤት ለ፦ ዕቃው የተሟላ ክፍል። ሁሉንም ጨምሮ በወር 460። ለአንሶላ አንድ ጊዜ 30።

እውነተኛ የወር ዋጋ = የወር ወጪ + (የአንድ ጊዜ ወጪ ÷ የምትቆዩባቸው ወራት)

ለ3 ወር ከሆነ ቤት ሀ በወር 540፣ ቤት ለ 470 ይሆናል። ለ24 ወር ከሆነ ግን ቤት ሀ ወደ 435 ይወርዳል፤ ቤት ለ 461 ገደማ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ከስምንት ወር ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ስለዚህ «የቱ ይረክሳል?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ወር?» በሉ።

ሌላም አለ፤ ማስያዣው። የጀርመን ሕግ አከራይ እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ማስያዣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ስትወጡ የሚመለስ ስለሆነ ወጪ አይባልም፤ ግን ገንዘባችሁን ያስራል። ለቤት ሀ 960 ዩሮ ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ወር ደምሩ፦ 960 + 420 + 360 = 1,740 ዩሮ።

ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሂሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል። ከዚያ በየወሩ የሚለቀቅላችሁ 992 ነው። ሕጉ ማስያዣውን በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈል ይፈቅዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ጠይቁ። እንዲያም ሆኖ ቤት ሀ በመጀመሪያው ወር 1,100 ይፈልጋል። ቤት ለ 400 ዩሮ ማስያዣ ቢኖረው እንኳ 890 ላይ ያበቃል። «ርካሹ» ቤት ገና ምግብ ሳትገዙ ኪሳችሁን ባዶ ያደርገዋል።

ማንን እንመን?

ከሦስቱ ተሸላሚዎች አንዱ የሆነው ስፔንስ ያጠናው «ምልክት» የሚባለውን ነገር ነው። ምልክት የሚታመነው ለሐሰተኛው ማሳየት ሲከብደው ነው። የሚያምር ፎቶ፣ ትሑት ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ሁሉም ለአጭበርባሪ ቀላል ናቸው።

እኔም አንድ ጊዜ ገንዘብ ልልክ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። «ለሥራ ሌላ አገር ነኝ፤ ማስያዣውን ላክ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» አለኝ። ዋጋው ከአካባቢው በጣም ያንሳል፤ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። «በቪዲዮ ደውልልኝና የወጥ ቤቱን ቧንቧ ክፈትልኝ» ስለው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ስለዚህ ለውሸታም የሚከብደውን ጠይቁ። በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ መስኮቱን ከፍተው መንገዱን ያሳዩአችሁ። ቤቱ በአካል ሳይታይ፣ ውል ሳይፈረም ገንዘብ አትላኩ። አንድ ጥያቄ ደግሞ አትርሱ፤ «በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?» በጀርመን ለመኖር ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ አከራዩም የማረጋገጫ ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ወረቀቱ ለመኖሪያ ፈቃድና ለሌላውም ጉዳይ ያስፈልጋችኋል። «ኑር፣ ግን አትመዝገብ» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የት እንፈልግ?

መጀመሪያ «ሽቱዲረንደንቬርክ» የሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ዘንድ ለማደሪያ ተመዝገቡ። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል የመግቢያ ደብዳቤው በመጣ ቀን አድርጉት።

ሁለተኛው «ቬጌ» ነው፤ አንድን ቤት በጋራ መከራየት። ይህን እንኳ እናውቀዋለን። ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ስንቅ ተሸክመን እንመለስ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ለየራስ ክፍል መኖሩ ነው።

ሦስተኛው ለጊዜያዊ ቤት የሚመቸው ነው፤ ተማሪ ለዕረፍት ወይም ለልምምድ ሲሄድ ክፍሉን ከነዕቃው ለጥቂት ወራት ያከራያል። አከራዩ መፍቀዱን በጽሑፍ አረጋግጡ።

ስሌቱ ለአገር ውስጥም ይሠራል። አዲስ አበባ ለምትሄዱ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የስድስት ወር አምጡ ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

በመጨረሻ፣ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ዋጋ አለው። በምትሄዱበት ከተማ ቀድሞ የገባ ያገራችሁን ልጅ ፈልጉ። ግማሽ ሰዓት ወስዶ ቤቱን በዓይኑ እንዲያይላችሁ ለምኑት። ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ልጅ እናንተን ይለምናል፤ ያኔ ሄዳችሁ እዩለት።